አሮጌ ሰርቨር አልነሳ ሲል፦ የመነሻ ሃርድዌር ስህተትን ለይቶ የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

አሮጌ ሰርቨር ሲነሳ ስህተት ካወጣ ብዙው ሰው ክዳኑን ከፍቶ እጁ የደረሰበትን ሁሉ ነቅሎ መልሶ ይሰካል። አንዳንዴ ይሳካለታል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ችግር ሦስት ይሆናል፦ የዲስኮቹ ተራ ይፋለሳል፣ የስህተት መዝገቡ ሳይነበብ ይጠፋል፣ ማሽኑ ቢነሳ እንኳ የተበላሸው ዕቃ የቱ እንደሆነ ስላልታወቀ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተራቸው ይከተሉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ የቀየሩትንም ይጻፉ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዴል ፓወርኤጅ 2950 እና አር710፣ እንዲሁም ከኤችፒ ፕሮላያንት ዲኤል380 ጂ5 እስከ ጂ7 የተወሰዱ ናቸው። በሌላ ሞዴል የቁልፎቹና የኮዶቹ ስም ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

## ከመንካትዎ በፊት

እነዚህን አጠገብዎ ያስቀምጡ፦

- ቴስተር (ቮልት የሚለካ)
- ፊሊፕስ ቁጥር 2 ካቻቢቴ፤ ለኤችፒ ቶርክስ ቲ15
- አዲስ ሲአር2032 ባትሪ
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ
- ተርማል ፔስት
- ጸረ-ስታቲክ የእጅ ማሰሪያ
- ወረቀት ፕላስተር እና ማርከር
- ቪጂኤ ሞኒተር እና ዩኤስቢ ኪቦርድ። ሞኒተር ማጋሪያ ሳጥን ካለ ይዝለሉትና በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙ፤ አሮጌ ማጋሪያዎች ራሳቸው የኪቦርድ ስህተት ወይም ጥቁር ስክሪን ያመጣሉ።
- የሞዴሉ የሃርድዌር ማኑዋል። ከሌለ የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ ይመልከቱ፤ የሜሞሪ ስሎቶቹ ካርታ ብዙ ጊዜ እዚያ ተለጥፏል።

ማስጠንቀቂያ 1። ሰርቨሩ ስህተት እያሳየም ቢሆን እየሠራ ከሆነ፣ ሳያጠፉት ባክአፕ ይውሰዱ። ለዓመታት ሳያቋርጥ የዞረ ሃርድ ዲስክ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ላይዞር ይችላል። ባክአፕ ሳይኖር የሚጠፋ አሮጌ ሰርቨር ቁማር ነው።

ማስጠንቀቂያ 2። ብዙዎቹ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመድ አላቸው፤ ሁለቱንም ይንቀሉ። በበተኑ የጠፋ ሰርቨር ማዘርቦርዱ ላይ አሁንም ኃይል አለ። ገመዶቹን ከነቀሉ በኋላ የማብሪያውን በተን ለ15 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የተጠራቀመው ኃይል ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ 3። ዲስኮቹን ከመንቀልዎ በፊት እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ የቦታውን ቁጥር (0፣ 1፣ 2...) በፕላስተር ይለጥፉ፤ ፎቶም ያንሱ። ይህን የዘለለ ሰው ደረጃ 5 ላይ ይጸጸታል።

ሙሉ ዕቃ የያዘ ባለ ሁለት ዩኒት ሰርቨር ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ከራኩ (ከሰርቨር መደርደሪያው) ሲያወጡት ሁለት ሰው ይሁኑ።

## ደረጃ 1፦ ስህተቱን ያንብቡ

1. ሰርቨሩን ያብሩና ይጠብቁ። ብዙ ሜሞሪ ያለው አሮጌ ማሽን የመነሻ ፍተሻውን ለመጨረስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ መቆየቱና ፋኖቹ እንደ ጄት መጮኻቸው የተለመደ ነው። «ሞቷል» ብለው በመሃል የሚያጠፉት ብዙዎች ናቸው።
2. ስክሪኑን በስልክ በቪዲዮ ይቅረጹ። መልእክቶቹ ለሁለት ሰከንድ ታይተው ያልፋሉ፤ ቪዲዮውን አቁሞ ማንበብ ይቀላል።
3. ማሽኑ የቆመ ከመሰለ የኪቦርዱን ነም ሎክ ይጫኑ። መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ሰርቨሩ በሕይወት አለ፤ ምናልባት ኤፍ1 እንዲጫኑ እየጠበቀ ነው። መብራቱ ካልተንቀሳቀሰ በእርግጥም ቆሟል።
4. የፊት መብራቶቹን ይመልከቱ። ዴል ላይ ትንሹ ስክሪን ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ብርቱካናማ ከሆነ ኮድ ይጽፋል። ኤችፒ ላይ የጤና መብራቱ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ (የተጎዳ ነገር አለ) ወይም ቀይ (ከባድ) ነው፤ ዲኤል380 ላይ ደግሞ ከፊት ተስቦ የሚወጣው ትንሽ ፓነል የተጎዳው ሜሞሪ፣ ፋን ወይም ፕሮሰሰር የትኛው እንደሆነ በመብራት ያሳያል። የአይቢኤም ሲስተም ኤክስ ሰርቨሮችም ተመሳሳይ ፓነል አላቸው።
5. የስህተት መዝገቡን ይክፈቱ። ዴል ላይ ሲነሳ ኮንትሮል እና ኢ፣ ኤችፒ ላይ በአይኤልኦ (በርቀት መቆጣጠሪያው) በኩል፣ አይቢኤም ላይ ኤፍ1 ተጭኖ ይገኛል። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሱ። እስካሁን ምንም አይሰርዙ። የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ የመዝገቡ ቀናት ያሳስታሉ፤ ቀኑን ትተው የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ይመኑ።

ቢፕ ብቻ ከሰሙ ስንት ረጅም፣ ስንት አጭር እንደሆነ ይቁጠሩ። ትርጉሙ ከባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) አምራች ወደ አምራች ስለሚለያይ በማኑዋሉ ብቻ ይፍቱት።

ደጋግመው የሚታዩት ኮዶችና የሚወስዱበት ደረጃ፦

- ዴል ኢ1210፦ የማዘርቦርድ ባትሪ። ደረጃ 3።
- ዴል ኢ2110፦ በተጠቀሰው ሜሞሪ ላይ ሊታረም ያልቻለ ስህተት። ደረጃ 4።
- ዴል ኢ1810፦ የተበላሸ ዲስክ። ደብሊው1228፦ የሬድ ካርዱ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው ካርድ) ባትሪ ሊያልቅ ነው። ሁለቱም ደረጃ 5።
- ዴል ኢ1310፦ ፋን። ደረጃ 6።
- ዴል ኢ1410፦ የፕሮሰሰር ውስጣዊ ስህተት። ደረጃ 7 እና 8።
- ኤችፒ 201 እና 207፦ ሜሞሪ። ደረጃ 4። 163፦ ቀንና ሰዓት። ደረጃ 3።
- ኤችፒ 1720፦ ዲስኩ ሊበላሽ መሆኑን ራሱ እያስጠነቀቀ ነው። 1789፦ ዲስኮች አይመልሱም። 1794፦ የካሽ (ዲስክ ላይ እስኪጻፍ ዳታ የሚቆይበት የሬድ ካርዱ ሜሞሪ) ባትሪ ዝቅ ብሏል። ሁሉም ደረጃ 5።

ብዙ ስህተት በአንድ ላይ ከመጣ መጀመሪያ የኃይሉን፣ ቀጥሎ የሜሞሪውን ይያዙ። የደከመ ፓወር ሰፕላይ የዲስክም የሜሞሪም የፋንም ስህተት ያስመስላል።

## ደረጃ 2፦ ኃይል

ምንም መብራት የለም። ገመዱን ይቀይሩ፣ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ፣ ሰርቨሩን ከዩፒኤስ አውጥተው በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰኩት። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ያለው ትንሽ መብራት አሁንም ካልበራ ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል።

የጀርባው መብራት በርቷል፣ ሰርቨሩ ግን አይነሳም። ሁለቱንም አውጥተው አንዱን ብቻ ይመልሱና ይሞክሩ፤ ከዚያ ሌላውን ብቻ፤ ከዚያ ቦታቸውን አቀያይረው። በሁለቱም ቦታ ላይ የማይሠራው ፓወር ሰፕላይ ይጣላል። አንዱ ቦታ ላይ ሁለቱም ካልሠሩ ችግሩ ማከፋፈያ ቦርዱ ነው።

በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። አጭር ዙር (ሾርት)፣ ሙቀት ወይም የጎደለ ፋን ነው። ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ።

ምትክ ሲገዙ ዋቱን ያዛምዱ። ለምሳሌ አር710 ላይ ባለ 570 ዋት እና ባለ 870 ዋት ጎን ለጎን አይሄዱም፤ አለመመሳሰል ብሎ ስህተት ያወጣል።

በታወር ሰርቨሮች ኤቲኤክስ ማገናኛ (እንደ ተራ ኮምፒውተር ያለ የኃይል መሰኪያ) ካለ በቴስተር ይለኩ፦ ሰርቨሩ ጠፍቶ ገመዱ ተሰክቶ እያለ ሐምራዊው ሽቦ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት፤ ከበራ በኋላ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት። የራክ ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን የማገናኛውን እግሮች በሽቦ አገናኝተው ለማስነሳት አይሞክሩ። ፓወር ሰፕላዩንም አይክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል።

ክዳኑ ከተከፈተ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች በጎን በኩል አይተው ይለፉ። አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጡ ካሉ ከዚህ በኋላ የሚያጠፉት ጊዜ ከንቱ ነው፤ ቦርዱን ይቀይሩ።

## ደረጃ 3፦ የማዘርቦርድ ባትሪ

1. ሰርቨሩ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ባዮስ ገብተው እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሱ።
2. ኃይሉን ነቅለው ባትሪውን ያውጡና ይለኩ። አዲሱ ወደ 3 ቮልት ነው፤ ከ2.8 በታች ከሆነ ይቀይሩት።
3. ሰዓቱን፣ የመነሻ ተራውን እና በተለይ የሳታ ሞድን (ኮንትሮለሩ ዲስኮቹን የሚያሠራበትን መንገድ) ወደነበሩበት ይመልሱ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮንትሮለር ከሬድ ወደ ኤኤችሲአይ (ያለ ሬድ ወደሚሠራው ሞድ) ተመልሶ ከሆነ ሲስተሙ አይነሳም፤ ሰው ደግሞ ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ዲስክ መቀየር ይጀምራል።

## ደረጃ 4፦ ሜሞሪ

የተነገረዎትን ስሎት ቁጥር ከካርታው ጋር ያስተያዩ። ኤ1 እና ቢ1 የተለያየ ፕሮሰሰር ሥር ያሉ ናቸው።

1. ኃይሉን ይንቀሉ፤ ማሰሪያውን እጅዎ ላይ ያድርጉ። ከፓወርኤጅ 2950 እና ከዲኤል380 ጂ5 ሜሞሪ ሲያወጡ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኤፍቢ-ዲም የሚባለው ሜሞሪያቸው ጣት ያቃጥላል።
2. የተጠረጠረውን ያውጡ። የወርቅ ጥርሶቹን በአልኮል በራሰ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉ፤ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በላጲስ መፈተግ የተለመደ ምክር ነው፤ አይመከርም። የወርቅ ሽፋኑን ይልጣል፣ ፍርፋሪውም ስሎቱ ውስጥ ይቀራል።
3. ስሎቱን በአየር ይንፉ፤ ሜሞሪውን ሁለቱ ጆሮዎች ራሳቸው «ቀጭ» ብለው እስኪዘጉ ድረስ በሁለት አውራ ጣት እኩል ተጭነው ይመልሱ። ጆሮዎቹን በእጅ መዝጋት ካስፈለገዎት ሜሞሪው አልገባም ማለት ነው።
4. ያብሩ። ስህተቱ ከጠፋ መንስኤው የላላ ወይም የቆሸሸ ንክኪ ነበር።
5. ስህተቱ ካለ የተጠረጠረውን ሜሞሪ ደህና ከሆነ ሌላ ስሎት ጋር ያቀያይሩ። ስህተቱ ሜሞሪውን ተከትሎ ከሄደ ሜሞሪው ነው። ስህተቱ እዚያው ስሎት ላይ ከቀረ ሜሞሪው ንጹህ ነው።

ስህተቱ ስሎቱ ላይ ሲቀር ቀጣዩ እርምጃ እንደ ማሽኑ ትውልድ ይለያል። በአር710 እና በጂ6፣ ጂ7 ትውልድ ሜሞሪውን የሚቆጣጠረው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አቀማመጥ ወይም ሶኬቱ ውስጥ የታጠፈ አንዲት እግር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ። በ2950 እና በጂ5 ግን ተቆጣጣሪው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ፕሮሰሰሩን መንካት አይጠቅምም።

ሜሞሪ ከጨመሩ በኋላ የመጣ ስህተት ከሆነ ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን አለመስማማት ነው። ሬጂስተርድ እና ሬጂስተርድ ያልሆነ ሜሞሪ በአንድ ሰርቨር አይቀላቀልም። በ2950 እና በጂ5 ሜሞሪ የሚሰካው በተመሳሳይ ጥንድ ነው። በአር710 መጀመሪያ ነጭ ጆሮ ያላቸው ስሎቶች ይሞላሉ። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከሌለ የቢ ስሎቶች ጭራሽ አይታዩም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቦ የታረመ ስህተት ሜሞሪ አያስጥልም። ያው ስሎት ላይ ደጋግሞ ከመጣ ግን ሊታረም የማይችለው እስኪመጣ አይጠብቁ። ለማረጋገጥ ሜምቴስት የሚባለውን የሜሞሪ መፈተሻ ፕሮግራም ከዩኤስቢ አስነስተው ሌሊቱን ይተዉት። አንዲት ቀይ መስመር እንኳ በቂ ማስረጃ ናት።

## ደረጃ 5፦ የሬድ ኮንትሮለር እና ዲስኮች

ከዚህ በፊት ያሉት ደረጃዎች ስህተት ቢፈጠር ዕቃ ያስጠፋሉ፤ ይኼኛው ዳታ ያስጠፋል። ኮንትሮለሩ ሜኑ ውስጥ አራት ትእዛዞችን አይንኩ፦ ኢኒሻላይዝ፣ ክሊር ኮንፊግ፣ ቨርችዋል ዲስክ መሰረዝ፣ እና የተቀመጠ ካሽን ዲስካርድ ማድረግ። ስክሪኑ ላይ የሚጠይቅዎትን ጥያቄ ካልገባዎት መልስ አይስጡ፤ አጥፍተው ኬብሉን ማየት ሁልጊዜ ይሻላል።

ሁሉም ዲስኮች በአንዴ ጠፉ። ስድስት ዲስክ በአንድ ሌሊት አይሞትም። ጥፋቱ የጋራ ነገር ላይ ነው፦ ከኮንትሮለሩ ወደ ዲስኮቹ የሚሄደው ሳስ ኬብል፣ የዲስኮቹ ጀርባ ቦርድ፣ የቦርዱ የኃይል ኬብል ወይም ካርዱ ራሱ። ኃይሉን ነቅለው ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ አውጥተው ይመልሱ፤ ካርዱንም አውጥተው ጥርሱን ጠርገው ይሰኩ። ዲስኮቹን ከተራቸው አያንቀሳቅሱ።

ኤችፒ 1789። ስክሪኑ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 እንዲመርጡ ይጠይቃል። ኤፍ2 ከመረጡ ያልመለሱት ዲስኮች እንደተበላሹ ይቆጠራሉ። ሁለቱንም ሳይጫኑ ሰርቨሩን ያጥፉ፣ ኬብሉንና የዲስኮቹን አገባብ ያረጋግጡ፣ እንደገና ያብሩ። ብዙውን ጊዜ የዲስክ መሳቢያው እስከ መጨረሻ አልተገፋም።

ዴል «ፎሪን ኮንፊገሬሽን ተገኝቷል» ይላል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የሬድ መረጃና ካርዱ የሚያውቀው አልገጠሙም ማለት ነው። ካርድ ሲቀየር፣ ዲስክ ተነቅሎ ሲመለስ ወይም ከሌላ ሰርቨር የመጣ ዲስክ ሲገባ ይከሰታል። ኮንትሮል እና አር ተጭነው ይግቡና የትኞቹ ዲስኮች ፎሪን እንደተባሉ ይዩ፦

- ሁሉም የዚሁ ሰርቨር ከሆኑና አብረው የጠፉ ከሆነ ኢምፖርት ያድርጉ።
- ከሌላ ማሽን የመጣ ካለ እሱን ብቻ ያውጡና እንደገና ያስነሱ።
- ከመካከላቸው አንዱ ከወራት በፊት የወደቀ ከሆነ አብሮ ኢምፖርት አያድርጉት። በላዩ ያለው ዳታ የቆየ ነው፤ ከአዲሱ ጋር ከተቀላቀለ ፋይሎቹን ያበላሻል። እሱን አውጥተው ቀሪዎቹን ብቻ ያስነሱ። የትኛው መቼ እንደወደቀ የሚነግርዎት ደረጃ 1 ላይ ፎቶ ያነሱት መዝገብ ነው።

የተቀመጠ ካሽ አለ የሚል መልእክት። ካርዱ ዲስክ ላይ ያልጻፈው ዳታ ይዟል። የጎደሉትን ዲስኮች መልሰው ካስነሱ ራሱ ይጽፈዋል። ዲስካርድ የሚደረገው ዲስኮቹ በምንም መንገድ እንደማይመለሱ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

የባትሪ ማስጠንቀቂያ (ደብሊው1228፣ 1794)። ሰርቨሩ ይነሳል፤ ነገር ግን ካሹ ስለሚዘጋ ዲስክ ላይ መጻፍ በጣም ይዘገያል። ባትሪው ካበጠ ወዲያውኑ ያውጡት። አዲስ ባትሪ ከገባ በኋላ ማስጠንቀቂያው ቶሎ ካልጠፋ አይደንግጡ፤ እስኪሞላ አንድ ሌሊት ይስጡት።

አንድ ዲስክ ብቻ ከወደቀ ሬድ 1፣ 5፣ 6 ወይም 10 ከሆነ ሰርቨሩ ይነሳል። ዲስኩን ከመቀየርዎ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ፤ አዲሱ ዲስክ ሲሞላ ቀሪዎቹ አሮጌ ዲስኮች ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይነበባሉ፤ ሁለተኛው የሚወድቀውም ያኔ ነው። ምትኩ ዓይነቱ (ሳስ ወይም ሳታ) አንድ ይሁን፣ መጠኑ ከቀድሞው አይነስ። እንደ ዴል ፐርክ 6አይ ያሉ የሬድ ካርዶች ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክ በሙሉ መጠኑ አይቀበሉም።

## ደረጃ 6፦ ፋንና ሙቀት

የተጠቀሰውን ፋን ደህና ከሆነው ጋር ቦታ ያቀያይሩ። ስህተቱ ከተከተለው ፋኑን ይቀይሩ፤ ከቀረ ማገናኛውን ያጽዱ። አቧራ ሲነፉ ፋኑን በጣት ይያዙ፤ በአየር ብቻ በፍጥነት ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ክዳኑንና የአየር መምሪያ ፕላስቲኩን ሳይመልሱ ሰርቨሩን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያሠሩ።

## ደረጃ 7፦ እስከ አጥንቱ ማራቆት

ስክሪን ከሌለ ወይም ኮዱ ግልጽ ካልሆነ ይህን ያድርጉ።

1. ኃይሉን ይንቀሉ። ሁሉንም ዲስክ ከመሳቢያው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይሳቡ፤ ማውጣት አያስፈልግም።
2. የኔትዎርክ፣ የሬድና ሌሎች ካርዶችን ያውጡ። ካርዶቹ የሚሰኩበት ራይዘር ግን ባዶውን ይመለስ፤ ብዙ ራክ ሰርቨር ያለ እሱ አይነሳም።
3. አንድ ፕሮሰሰር (የግድ ሶኬት 1 ላይ)፣ አንድ ሜሞሪ የመጀመሪያው ስሎት ላይ (ለ2950 እና ለጂ5 አንድ ጥንድ)፣ አንድ ፓወር ሰፕላይ ይተዉ። ፋኖቹ ሁሉ ይኑሩ።
4. ያብሩና 5 ደቂቃ ይጠብቁ።

ከተነሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ፦ ሜሞሪ፣ ሁለተኛ ፕሮሰሰር፣ ሬድ ካርድ፣ ሌሎች ካርዶች፣ በመጨረሻ ዲስኮች። በእያንዳንዱ መሃል ያስነሱ። አሰልቺ ነው፤ ሁለት ዕቃ በአንዴ የመለሰ ሰው ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ካልተነሳ ሌላ ሜሞሪ፣ ከዚያ ሌላውን ፕሮሰሰር ይሞክሩ። ከዚያ የባዮስ ቅንብሩን ያጽዱ፦ ዴል ላይ ኤንቪራም ክሊር የሚል ጃምፐር፣ ኤችፒ ላይ የጥገና ማብሪያዎቹ ረድፍ ውስጥ 6ኛው። ጃምፐሩን ወይም ማብሪያውን ቀይረው አንዴ ያስነሱ፣ ያጥፉ፣ ወደ ቦታው ይመልሱ። ይህም ካልሠራ የቀረው ማዘርቦርዱ ነው።

## ደረጃ 8፦ ፕሮሰሰር

ኢ1410 ሲመጣ ፕሮሰሰር ለመግዛት አይቸኩሉ፤ የተበላሸ ካርድ ወይም ሜሞሪም ያመጣዋል። ለዚህ ነው ደረጃ 7 የሚቀድመው።

ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ 5 ደቂቃ አሠርተው ያጥፉ፤ የደረቀው ፔስት ይለሰልሳል። ማቀዝቀዣ ብረቱን ብሎኖቹን ፈትተው በትንሹ ግራና ቀኝ እያዞሩ ያንሱ፤ በጉልበት ቀጥ አድርገው አይሳቡ። ፕሮሰሰሩን ካነሱ በኋላ የስልክ መብራት በጎን በኩል አስጠግተው ሶኬቱን ይዩ፦ እግሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እኩል ማብረቅ አለባቸው። አንዷ ጥላ ከጣለች ወይም ካላበረቀች ታጥፋለች። በቀጭን መርፌ ማቅናት ይቻላል፤ ከተሰበረች ግን ሶኬቱ አብቅቶለታል።

አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገው መሃሉ ላይ የአተር ፍሬ ያህል ያድርጉ። ሁለት ፕሮሰሰር ካለ ቦታቸውን ያቀያይሩና ኮዱ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሄደ ይዩ።

## ከተነሳ በኋላ

አሁን የስህተት መዝገቡን ይሰርዙ፤ ሰዓቱንም ያስተካክሉ። ሰርቨሩን አጥፍተው ገመዶቹን ለ10 ደቂቃ ነቅለው ከቀዝቃዛ ያስነሱት፤ ሞቅ ሲል ብቻ የሚገጥም ንክኪ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ያወጡትን የተጠረጠረ ዕቃ ከየትኛው ስሎት እንደወጣና በየትኛው ኮድ በፕላስተር ጽፈው ለብቻ ያስቀምጡ፤ ከደህናዎቹ ጋር ከተቀላቀለ ተመልሶ ይገባል። ለ24 ሰዓት በሥራ ላይ ካቆዩት በኋላ መዝገቡን እንደገና ይክፈቱ። አዲስ መስመር ካለ ኮዱ ወደሚመለከተው ደረጃ ይመለሱ።